መካን፣ መካነ፣ ምክንያት

በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር ዓመታዊ መሰናዶ ላይ የተደረገ ንግግር



 ጎንደርን ከለቀቅሁ ስንት ዓመቴ! ግን ይገርማችኋል፣ ትናንት ከአዘዞ ወደ ከተማው ስገባ ልቤ የፈተና ሳምንት የመጣ ይመስል ይመታ ነበር። እዚህ ከፊት ወንበር ላይ የተቀመጡትን መምህሮቼን ሳይም አሁንም «ታማሚሽን አቅርቢ» የሚሉኝ ይመስለኛል። ስለዚህ ዛሬም እንደዚያው ታማሚ ይዤ ቀርቤያለሁ። የዛሬዋ ታማሚ ግን አንዲት ቃል ናት።

የማኅበሩ ጸሐፊ ደውሎ «ሃያ ደቂቃ አለሽ፣ ርእሱን ራስሽ ምረጪ» ሲለኝ ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት ልናገር አስቤ ነበር። እሱን ግን ከኔ የበለጠ የሚያውቁ እዚህ ሞልተዋል። እኔ ከእናንተ የተሻለ የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር የሀገሬን የመካነ ሰላምን አነጋገር ነው። ስለዚህ የማወራችሁ ስለ ሦስት ፊደላት ነው፤ ስለ መ፣ ስለ ከ እና ስለ ነ።

ነገሩ የተጀመረው ገና አንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ ነው። የአማርኛ መምህራችን ዓርብ ዓርብ የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ በጨዋታ ነበር የሚያሳልፉት። ሦስት ፊደል ሰሌዳ ላይ ይጽፉና «እነዚህ በዚሁ ቅደም ተከተል ያሉበትን ቃል አምጡ። ግዕዝ ይሁን፣ ካዕብ ይሁን፣ ራብዕ ይሁን ግድ የለኝም» ይሉናል። ብዙ ያመጣ ቡድን ደብተር ይሸለማል። አንድ ቀን የወጣው መ፣ ከ፣ ነ ነበር። ክፍሉ በአንድ ድምፅ «መካነ ሰላም!» ብሎ ጮኸ። እንዴት አይጮህ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ የተጻፈ ነው! ከዚያ «መኪና» መጣ። «መኮንን» መጣ። «ምክንያት» መጣ። «መካነ መቃብር» ያለም ነበር። እኔ «መካኒክ» አልኩና መምህሩ «ኧረ እሱስ የጣልያን ነው» ብለው ሊሰርዙት ሲሉ፣ አንዱ ልጅ «ጋሼ፣ መኪናስ የማን ሆነና?» አለ። ተስቆ ሁለቱም ተያዙ። በመጨረሻ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ ተነሥቶ «መካን» አለ። አሁንም ተሳቀ፤ የፊተኛው ዓይነት ሳቅ ግን አልነበረም።

ያን ጊዜ የምኖረው ከአክስቴ ጋር ነው፤ የአባቴ እህት ናት። ወላጆቼ ገጠር ስለነበሩ ትምህርት ቤት እንድገባ ከተማ ያስቀመጠችኝ እሷ ናት። የበግ ጠጉር እየፈተለች ለባና ሠሪ ትሸጣለች፤ በዚያ ነው ደብተርና እስክርቢቶ የሚገዛልኝ። እቤት እንደገባሁ ቦርሳዬን ጥዬ «እቴ፣ ከተማችን መካን ናት እንዴ?» አልኳት። ቃሉ አንድ መስሎኝ ነዋ! ምድጃው ዳር የነበሩት ጎረቤቶች ሳቁ። አክስቴም አብራ ሳቀች። ከዚያ እንዝርቷን አስቀምጣ «ከተማይቱንስ እንዲህ ሲሉ አልሰማሁም፤ እኔን ነው እንጂ» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔ ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

አክስቴ አምስት ዓመት በትዳር ኖራ ልጅ ስላልወለደች ተፈትታ የመጣች ሴት ነበረች። ባልዬው ሌላ ሴት አገባ። እሷም አልወለደችም። ሰፈሩ ምን አለ መሰላችሁ? «ሁለተኛይቱም መካን ወጣችበት፣ ምን ዓይነት ዕድለ ቢስ ሰው ነው!»

እስኪ አሁን ቃሏን እንመርምራት።

ቦታ ማለት የሆነው መካን የግዕዝ ቃል ነው። ሥሩ ኮነ ነው፤ ሆነ ማለት። የአማርኛው «ሆነ» ራሱ ያው ኮነ ነው፤ ከ ድምፁ ለስልሶ ወደ ሀ ሄደ። ከፊት የምትገባው መ የድርጊቱን ቦታ ታመለክታለች። ከቀበረ መቃብር፣ ከቀደሰ መቅደስ እንደሚወጣው፣ ከኮነ መካን ወጣ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ብናመጣው «መሆኛ» ልንለው እንችላለን፤ አንድ ነገር የሚሆንበት ቦታ። ሌላ ስም ሲከተለው መጨረሻው ይለወጥና መካነ ይሆናል። መካነ ሰላም ሰላም የሚሆንበት ስፍራ ነው። እዚሁ አጠገባችሁ ጃናሞራ ውስጥ መካነ ብርሃን አለ፤ እስቴ ውስጥ መካነ ኢየሱስ አለ። በጥንቱ ቤተ አማራ ደግሞ አፄ ናዖድ አስጀምረውት ልጃቸው አፄ ልብነ ድንግል ያስፈጸሙት መካነ ሥላሴ የተባለ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ነበር፤ በ1531 እ.ኤ.አ. በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተቃጠለ። «ቅዱሳት መካናት» ስንልም የዚሁ ቃል ብዙ ቁጥር ነው።

ሌላው መካን፣ የማትወልድ ሴት ማለት የሆነው፣ ከዚህ ጋር ዝምድና የለውም። የእሱ ሥር መከነ ነው፤ ዘር አጣ፣ ፍሬ አልሰጠ፣ ባክኖ ቀረ ማለት። እዚህ ላይ መ መነሻ አይደለችም፣ የቃሉ የራሱ አጥንት ናት። በንግግር ይሄኛውም ከ ለስልሶ «መሀን» የሚለው ብዙ ሰው ነው። ኮነ ሆነ እንደተባለው መካንም መሀን ተባለ። ሲጻፉ ግን ሁለቱ መካኖች ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፤ በግዕዙም እንደዚያው። አንዱ «የሚሆንበት» ነው፣ ሌላው «የማይሆንበት»።

የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ያያችሁ ታውቃላችሁ። እሳቸው ካረፉ በኋላ በደቀ መዝሙራቸው በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት በ1948 ዓ.ም. የታተመው ትልቁ መጽሐፍ ማለቴ ነው። ፊደሉ የተደረደረው በአበገደ ሲሆን ቃል የሚፈለገው በግሱ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ለመጠቀም የቃሉን መልክ ማየት አይበቃም፤ አስቀድሞ «ሥርህ ማነው?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ይሄ እኮ እኛ እዚህ ትምህርት ቤት ስድስትና ሰባት ዓመት የተማርነው ነገር ነው! ሁለት ሰው በአንድ ዓይነት ሳል ይመጣል፤ አንዱ የሳንባ ነቀርሳ፣ አንዱ የልብ ድካም። ምልክቱ አንድ፣ ሥሩ ሁለት።

በፊደል ብቻ የሄደ ሰው ደግሞ የት እንደሚደርስ ልንገራችሁ። አዲስ አበባ ያላችሁ መካኒሳን ታውቃላችሁ። መካኒሳ ከመካነ ምንም ጋር አይገናኝም፤ በኦሮምኛ ብሳና ማለት ነው፣ ዛፉ። በኛም አገር ወደ አባይ ወረድ ሲሉ ብሳና ሞልቷል። የደቡብ ወሎ ስም ሁሉ እንዲህ ነው፤ ግዕዙና ኦሮምኛው ጎን ለጎን ይኖራሉ። መካነ ሰላም ያለችበት ወረዳ ቦረና ነው። ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ወረ ባቦ ስትሉ «ወረ» የኦሮምኛ ነው፤ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት። ለጋምቦና ለገሂዳ ላይ ያለው «ለገ» ደግሞ ወንዝ ነው። ይሄን ያላወቀ ሰው ወረ ኢሉን ከ«ወሬ» ጋር ያዛምደዋል፤ ሲያዛምዱም ሰምቻለሁ።

ወደ ሙያችን እንመለስ። መከነ የሚለው ግስ በኛ ቤት በየቀኑ ይሠራል። የባቄላ አበባ ውርጭ ሲመታው ገበሬው «መከነ» ይላል። ፈንጂ የሚያመክኑ ባለሙያዎች አሉ። እኛም ማደንዘዣ ሳንሰጥ፣ ቢላዋ ሳናነሣ በፊት መሣሪያውን ማምከን አለብን፤ በ121 ዲግሪ እንፋሎት፣ በግፊት። በእንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው፤ «ስቴራይል» ስንል ለጨርቁና ለመቀሱ ምስጋና ነው። ያው ቃል ለሴትዮዋ ሲሆን ስድብ ይሆናል። አንድ ቃል የቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ ነፍስ ያድናል፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ነፍስ ያቆስላል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። የመጣሁት ለዚሁ ነው።

ተመርቄ በወጣሁ በመጀመሪያው ዓመት በአንድ የገጠር ሆስፒታል እሠራ ነበር፤ ስሙ ይቅር። አንዲት ሃያ አምስት የማይሞላት ሴት መጣች። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» አልኳት። «መካን ነኝ» አለችኝ። ራሴን አመመኝ ወይም ሆዴን ቆረጠኝ አይደለም ያለችው፤ ስሟን እንደምትነግረኝ ያህል «መካን ነኝ» አለችኝ። ስድስት ዓመት በትዳር ኖራለች። ወረፋው ረጅም ነበር፣ እኔም ደክሞኛል። ሆዷን ዳሰስኩ፣ የወር አበባዋን ጠየቅሁ፣ ሁለት ምርመራ አዘዝኩ። ሪፈር የምትሄድበት ወረቀት ላይ ምን ብዬ ጻፍኩ? «መካንነት»። በአማርኛ። ፈረምኩ፣ ማኅተም ተመታበት። ባልሽን ይዘሽ ነይ አላልኳትም። ስለ እሱ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቅሁም።

ወደ ተላከችበት አልሄደችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያው ቀበሌ የመጣች ሌላ ታካሚ ነገሩን አጫወተችኝ። ወረቀቱ ሽማግሌ ፊት ቀርቧል። የባልየው ወገኖች «ይኸው፣ ሐኪሟ ራሷ ጽፋለች፣ ማኅተም አለበት» ብለዋል። ፍቺው በዚያው ተቆረጠ። ልጅቷ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ከንብረቱም የረባ ነገር አላገኘችም።

እኔ የጻፍኩት ለሪፈራል ሐኪሙ ነበር። ያነበቡት ግን ሽማግሌዎቹ ናቸው። ያን ሌሊት አክስቴ ትዝ አለችኝ፤ እንዝርቷን አስቀምጣ ወደ ጓዳ ስትገባ። ሁለት ጊዜ በአንድ ቃል ሴት ጎዳሁ ማለት ነው፤ አንዴ በልጅነቴ ሳላውቅ፣ አንዴ ተምሬ።

በማግስቱ አብረውኝ ለሚሠሩ አንዲት አንጋፋ ነርስ ነገርኳቸው። ካርዱን አስወጥተው አዩትና «ልጄ፣ ይሄማ እሷ የነገረችሽ ነው። አንቺ ምን ጨመርሽበት? ምክንያቱስ የታለ?» አሉኝ።

ምክንያት! መ፣ ከ፣ ነ። ይቺን ቃል ልጅ ሳለሁ ለደብተር ሽልማት ነበር የቆጠርኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ከመካን አጠገብ ለምን መቀመጥ እንዳለባት አልገባኝም ነበር።

ምክንያት የምትለዋ ቃል ሁለት ፊት አላት። አንዱ መነሻ ነው፤ የነገሩ መንሥኤ። ሌላው ማመካኛ ነው፤ ሰው የሚሸሸግበት። «ምክንያተኛ» ስንል መንሥኤ ፈላጊ ማለታችን አይደለም፤ ሰበብ አብዢ ማለታችን ነው። ከዐረብኛ የመጣው «ሰበብ»ም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው፤ መንሥኤም ነው፣ ማሳበቢያም። ሕዝቡ ይሄን ያውቃል፤ ምክንያት መፈለግና ማመካኘት በአንድ አፍ እንደሚነገሩ ቋንቋው ራሱ ይመሰክራል። «መካን» በኛ ካርድ ላይ ሲጻፍ ምክንያት ይመስላል፤ ግን ማመካኛ ነው። ባል ያመካኝበታል፣ ቤተ ዘመድ ያመካኝበታል፣ የደከመው ሐኪምም ያመካኝበታል።

ምክንያቱማ ብዙ ነው። ያልታከመ የአባላዘር በሽታ የማህፀን ቱቦን ይዘጋል። ከወሊድ በኋላ የተፈጠረ ኢንፌክሽን ይዘጋል። ንጽሕናው ባልተጠበቀ መንገድ የተደረገ ውርጃ፣ የማህፀን ነቀርሳ፣ የእንቅርት ዕጢ ችግር፣ ዘር እንቁላል በወቅቱ አለመውጣት አለ። ከባል በኩል ደግሞ የዘር ፍሬ ማነስ፣ መድከም ወይም ጭራሹን አለመኖር አለ። ልጅ ካጡ ጥንዶች ውስጥ በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ አለበት፤ ብቻውን ሆኖ ወይም ከሴቷ ጋር ተደርቦ። የወንዱ የመጀመሪያ ምርመራ ደግሞ ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ አንድ ዕቃ፣ አንድ ማይክሮስኮፕ። እኛ ግን ለዓመታት ሴቷን ስንወጋ፣ ስናነሣ ስንጥል ከርመን እሱን በመጨረሻ ነው የምንጠራው።

ለምን? አንዱ ነገር ቃሉ ራሱ ይመስለኛል። ሰዋስው አይከለክልም፤ ወንዱም መካን ሊባል ይችላል። ግን አፋችን አይሄድም። ስለ ወንድ ያለን አነጋገር ሁሉ ከአልጋ ጋር የተያያዘ ነው፤ «ወንድነቱ» ካለ አለቀ። በግንኙነት ደኅና የሆነ ሰው ዘሩ ባዶ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚገልጽ የሰፈር ቃል የለንም። ቃል የሌለው ነገር ደግሞ አይጠረጠርም። የአክስቴ ባል ሁለት ሴት አግብቶ ከሁለቱም ሲያጣ፣ ሰፈሩ ሁለት መካን ሴት ማየት ቀለለው እንጂ አንድ ወንድ መጠርጠር አልቻለም።

በጨዋታው ላይ የመጣችው መኮንንስ? እሷ ሥሯ ኰነነ ነው፤ ገዛ፣ ፈረደ፣ ቀጣ። ከዚያው ኩነኔ ይወጣል። በጥንቱ አጻጻፍ «መኰንን» ተብላ በኰ ስለምትጻፍ ከመካን ጋር አትምታታም። በሥርም ዘመድ አይደሉም። በሥራ ግን ተገናኙ፤ እኔ ምርመራ ሳላደርግ መካን ብዬ ስጽፍ ሐኪም ሳይሆን ኰናኝ ነበርኩ። የጻፍኩት ፍርድ ነው፤ ሽማግሌዎቹም እንደ ፍርድ ነው ያነበቡት። አልተሳሳቱም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ጎልማሳ አንዱ ያህል፣ 17.5 በመቶ፣ በዕድሜው ውስጥ ይሄ ችግር ይገጥመዋል። ትርጉሙም የተወሰነ ነው፤ ያለ መከላከያ፣ በመደበኛ ግንኙነት፣ 12 ወር ወይም ከዚያ በላይ ተሞክሮ እርግዝና አለመምጣቱ። ልብ በሉ፣ ስለ ጥንዶች ነው የሚናገረው። ስለ ጊዜ ነው የሚናገረው። ስለ ሴቲቱ ማንነት አንዳች አይልም። ከማህፀን ውጭ በተፈጸመ ጽንስ የመጀመሪያዋ ልጅ የተወለደችው በ1978 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ነው። በኛ አገር የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2011 ዓ.ም. የመካንነት ሕክምና ማዕከል ከፍቷል። ለመካነ ሰላም ሴት አዲስ አበባ ሩቅ ነው፤ ወጪውም ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን «የማይሆን» የተባለው ነገር የሚሆንበት ቦታ በሀገራችን አለ። አብዛኛዎቹም እስከዚያ መድረስ አያስፈልጋቸውም፤ ቀድሞ የታከመ ኢንፌክሽንና በጊዜ የተመረመረ ባል ብዙውን ይፈታዋል።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፤ በተለይ በጤና ጣቢያ ለምትሠሩ። ይቺ ቃል አሁንም እየተራመደች ነው። ስለ ወሊድ መከላከያ መርፌ የሚወራው ምንድነው? «ያመክናል»። በ2011 ዓ.ም. የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ሲጀምር ምን ተባለ? «ያመክናል»። እኛ ምን ብለን መለስን? «የጎላ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም»። እናትየዋ እኮ ስለ ጎን አልጠየቀችም! «ልጄን ያመክንብኛል ወይ?» ነው ያለችው። በጠየቀችበት ቃል መመለስ አለብን። «አያመክንም፣ እናቴ። ክትባቱ አያመክንም። መርፌውም አያመክንም፤ ካቆሙት በኋላ እርግዝናው ጥቂት ወራት ሊዘገይ ይችላል፣ ይመለሳል።» እኔ እንዲህ ማለት ከጀመርኩ ወዲህ ፊታቸው ሲፈታ አያለሁ። የመጨረሻዋን፣ «ሊዘገይ ይችላል» የምትለዋን ደግሞ አትዝለሏት። እሷን የዘለልናት ጊዜ ነው ሐሜቱ ትክክል የሚሆነው።

አሁን እኔ እንዴት እንደምሠራ ልንገራችሁ፤ ትልቅ ነገር አይደለም። «መካን ነኝ» ብላ ለገባች ሴት «ማን አለሽ?» እላታለሁ። ብዙውን ጊዜ ዝም ትላለች፤ ከዚያ ትናገራለች። «ልጅ ዘግይቶብናል» በይ እላታለሁ። «ብናል» የምትለዋን አጥብቄ፤ ሁለት ናችሁና። ባሏን ይዛ እንድትመጣ በደብዳቤ እጠራዋለሁ። በቃል ከጠራሁት አይመጣም፤ ማኅተም ካለበት ይመጣል። ያች ማኅተም አንዴ ጎድታብኛለችና አሁን ትካሰኝ! ካርዱ ላይ የምጽፈው ምክንያቱን ነው። ምክንያቱ ካልታወቀ «በምርመራ ላይ፣ የሁለቱም» ብዬ እጽፋለሁ። ያ ወረቀት ሽማግሌ ፊት ቢቀርብ እንኳ ማንንም አይኰንንም።

ስለ አክስቴ ሳልናገር ብወርድ ትቀየመኛለች። ዳግመኛ አላገባችም። እዚያችው መካነ ሰላም በበግ ጠጉር ክር አሳድጋ እዚህ ጎንደር ድረስ የላከችኝ እሷ ናት። የምረቃዬ ዕለት ከጎኔ የቆመችው፣ በነጭ ቀሚስ ያለችው፣ ብዙዎቻችሁ እናቴ የመሰለቻችሁ ሴት እሷ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታማ እኔው ራሴ ወደ ሆስፒታል ወሰድኳት። መዝጋቢዋ ልጅ «እማማ፣ ስንት ልጅ ወልደዋል?» አለቻት። ላስቆማት ስል አክስቴ ቀደመችኝ፤ «አንድ። ይቻትና፣ አንችን የምታዝሽ» አለች። መዝጋቢዋ ሳትጠራጠር «1» ብላ ጻፈች። ስሕተት ነው፤ የሕክምና ታሪክ በትክክል መያዝ አለበት፣ መምህሮቼ እንደዚያ ነው ያስተማሩኝ። እኔ ግን አላረምኩትም። መምህሮቼ ይቅር በሉኝ።

ለማጠቃለል ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ።

የመጀመሪያው ለመምህራኑ ነው። ተማሪዎቻችሁ በታማሚው አልጋ ዳር ታሪክ ሲያቀርቡ በእንግሊዝኛ ነው፤ ይሁን። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩልኝ፤ «ታካሚዋ በራሷ አፍ ምን አለች? ያ ቃል ባገሯ ምን ማለት ነው?» በሉ። ተማሪው «መካን» ብሎ ከጻፈ «ምክንያቱስ?» በሉት፤ እኒያ ነርስ ለኔ እንዳሉኝ።

ሁለተኛው ለኛ ለቀድሞዎቹ ነው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከደባርቅ እስከ ጅግጅጋ፣ ከመተማ እስከ ሐዋሳ የሠራ ሰው አለ። እያንዳንዳችን ታካሚዎቻችን ስለ ሕመም የሚናገሩባቸውን ሃያ ሃያ ቃላት ከነትርጉማቸው ጽፈን ለማኅበሩ እንላክ፤ በአማርኛውም፣ በኦሮምኛውም፣ በአገውኛውም፣ በሶማሊኛውም። የትኛው ቃል ማረጋጊያ፣ የትኛው ስድብ፣ የትኛው ፍርድ እንደሆነ ይጻፍበት። በሚቀጥለው ዓመት መጽሔታችን ከኋላ አሥር ገጽ ይሰጠን። አዲስ የተመደበ ሐኪም ወደ አንድ ወረዳ ሲሄድ ይዞት ይሂድ። የኔን ሃያ ዛሬውኑ ለጸሐፊው ሰጥቻለሁ፤ የመጀመሪያዋ ቃል የትኛዋ እንደሆነች መገመት አያቅታችሁም።

የሰጣችሁኝን ሃያ ደቂቃ አሳልፌያለሁ መሰለኝ፤ ጸሐፊው ሰዓቱን እያሳየኝ ነው። ለዓመቱ በሰላምና በጤና ያገናኘን።